ደቦ የተጠራለት ሳል

ከጅጋ ወጣ ብሎ ባለው ሰፈራችን ባሎች ለምን እንደማይወዱኝ ልንገራችሁ፤ ሚስቶቻቸው ስለሚወዱኝ ነው። ቆይ፣ አትቸኩሉ፤ ነገሩ እናንተ እንዳሰባችሁት አይደለም። የሚወዱኝ ማድ ቤት ስለምገባ ነው። የሒሳብ መምህር፣ የቄስ አማች፣ የተተኮሰ ሱሪ የሚለብስ ሰው ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቦርሳውን ሰቅሎ በቀጥታ ማድ ቤት ይገባል፤ ከጉልቻው አጠገብ በርጩማ ስቦ ይቀመጣል፤ ሚስቱን «ይታይሽ፣ አንቺ ወጣ በይና ነፋስ ተቀበዪ፤ እሳቱን እኔ አያለሁ» ይላል። ይህን በአጥር በኩል የሰማች ሴት ቤቷ ስትገባ ባሏን በምን ዓይን እንደምታየው ገምቱት።

አጥር የሚለየን ጎረቤቴ አያ ውበቱ አንድ ቀን መንገድ ላይ አስቆሙኝና፣ «አንተ መምህር፣ ምን በድለንህ ነው?» አሉኝ።

«ምን አደረግሁ፣ አያ?»

«ትናንት ምሳ ላይ ‹መምህር እኮ እሳት ያነዳል› ተባልሁ። ከትናንት ወዲያም ተባልሁ። ይህን ያህል ዘመን ስኖር ያልተባልሁትን በአንተ ዘመን ተባልሁ። እባክህ፣ መርዳትህ ካልቀረ በሩን ዘግተህ እርዳት።»

በሩንማ እዘጋ ነበር። ጉዱ ያለው እዚያው ላይ ነው።

ከእናንተ ምን እደብቃለሁ፤ ሲጋራ አጨስ ነበር። የጀመርሁት መምህራን ኮሌጅ ሳለሁ ነው፤ ለፈተና ሰሞን እንቅልፍ ያባርራል ብለውኝ። እንቅልፉን አላባረረልኝም፤ ራሱ ግን አልሄድም ብሎ ቀረ። ከዚያ ይታይሽን አገባሁ። አባቷ ቄስ ምናለ ሲጋራ የሚጠሉት እንደ ማንኛውም ቄስ አይደለም፤ በተለየ ትጋት ነው። አንድ ጊዜ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ውስጥ አንድ ተሳፋሪ አጠገባቸው ቢለኩስ፣ ከመኪናው ወርደው እስከ ጅጋ በእግራቸው መጥተዋል፤ ያንን ሁሉ መንገድ ዣንጥላቸውን ዘርግተው። እንግዲህ የእኚህን ሰው ልጅ ያገባ አጫሽ የት ይግባ? ሜዳ ላይ ባጨስ ገበሬው ያያል። ትምህርት ቤት መጸዳጃ ቤት ባጨስ ተማሪው ከእኔ ቀድሞ እዚያ ነው። የገጠር መምህር መሆን ማለት በአራቱም ማዕዘን መታየት ማለት ነው።

ታዲያ ሳስብ ሳስብ፣ ጭስ ቢታይ ማንም የማይጠረጥርበት ቦታ አንድ ብቻ ሆኖ አገኘሁት። ማድ ቤታችን ከዋናው ቤት ተነጥሎ የተሠራ የሣር ጎጆ ነው፤ መስኮት የሚባል ነገር ፈጽሞ አያውቅም። ይታይሽ እርጥብ ባሕር ዛፍ የማገደች ዕለት ጭሱ በበሩ መውጣት ይሰለቸውና በክዳኑ ሁሉ እየተነነ ይወጣል፤ እንግዳ ሰው ከመንገድ አይቶ «ኧረ ቤት ተቃጠለ!» ብሎ እየሮጠ የመጣበት ጊዜ አለ። በዚያ ውስጥ የአንድ ሲጋራ ጭስ ማን ለይቶ ያውቃል? በፍም እለኩሳለሁ፤ ወደ ምድጃው እፍ እላለሁ። ልብሴ ጭስ ጭስ ቢል «ምስኪን፣ እሳት ሲያነድ ቆይቶ ነው» ይባልልኛል። ዓይኔ ቢቀላ ይታዘንልኛል። እየተመሰገንሁ የማጨስ እኔ ብቻ ነበርሁ።

ሲጋራውን የምገዛው ማንም ከማያውቀኝ ከቡሬ ነው። «ቀይ እስክሪብቶ አለቀብኝ» ብዬ በየሁለት ሳምንቱ ቡሬ እወርዳለሁ። ርእሰ መምህራችን በስብሰባ ላይ ተነሥቶ «እንደ እሱ የተማሪ ደብተር የሚያርም ሰው አላየሁም» ብሎ በምሳሌነት ጠቅሶኛል። ባኮዎቹን በፌስታል ጠቅልዬ ከምድጃው በላይ፣ ጥቀርሻ በለበሰው የሣር ክዳን ውስጥ እሸጉጣለሁ። ተርፎ የቀረውን ቁራጭም አልጥልም፤ በቲማቲም ድልህ ጣሳ አጠራቅሜ እዚያው አጠገብ አስቀምጣለሁ። ሰው ሲሰስት እንዲህ ነው።

እንዲህ እየኖርሁ የትምህርት ቤቱ የጤና ክበብ ኃላፊ ማን ይመስላችኋል? እኔ ነኝ። በወላጆች ስብሰባ ላይ ስለ ሳንባ ካንሰር ትምህርት ስጥ ተባልሁ። ሥራ ሲሰጠኝ ከልቤ የምሠራ ሰው ነኝና በትልቅ ወረቀት ላይ ሁለት ሳንባ ሣልሁ፤ አንዱን በሮዝ ቀለም አሳመርሁት፤ ሌላውን በከሰል አጠቆርሁት። «ይህ የማያጨስ ሰው ነው፤ ይህ ደግሞ የሚያጨስ» ብዬ ከሰሉን ስጠቁም ስብሰባው በሙሉ አማተበ። ሲያማትቡልኝ ጊዜ ይበልጥ ሞቅ አለኝ። «አጫሽ ራሱን ብቻ ጎድቶ ቢቀር ምን ነበረበት! አብሮት የሚኖረው ሰው ጭሱን ይስባል! በማያውቀው ነገር ይታመማል!» አልሁ። ተጨበጨበልኝ። አማቴ ሳይቀሩ ጭራቸውን ከፍ አድርገው መረቁኝ።

ከኋላ አግዳሚ ላይ አንዲት ሴት እጇን አወጣች። ይታይሽ ነበረች።

«መምህር» አለችኝ፤ ሰው ፊት ስንሆን መምህር ነው የምትለኝ። «የማድ ቤቱ ጭስስ?»

አውቀው ነበር። ለትምህርቱ የተሰጠኝ ወረቀት ላይ በግልጽ ተጽፏል፤ የእንጨቱም፣ የኩበቱም፣ የከሰሉም ጭስ በተዘጋ ቤት ውስጥ ለዓመታት ሲሳብ ሳንባ እንደሚጎዳ አንብቤዋለሁ። ግን ሰው ሁሉ ማድ ቤቱን ዞር ብሎ ማየት ከጀመረ እኔ የት ልግባ? «እሱ… እሱማ የእንጨት ነው፤ የዛሬው ርእሳችን ትምባሆ ነው» ብዬ ወረቀቱን ገለበጥሁት። «እሺ» ብላ ተቀመጠች፤ ከዚያም ሳለች። ማንም ዞር ብሎ አላያትም። ይታይሽ ሁልጊዜ ትስላለች። «ብርድ ነው» ትላለች፤ እኛም ብርድ ነው እንላለን።

በታኅሣሥ ሳሉ ወደ እኔ መጣ። በመጀመሪያው ሳምንት ብዙም አልጠላሁትም፤ ክፍል ገብቼ አንድ ጊዜ ስስል ተማሪው ጸጥ ይልልኛል። በሁለተኛው ሳምንት ማባዛት እያስተማርሁ መልሱ ላይ ሳልደርስ ትንፋሼ ያልቃል። በሦስተኛው ሳምንት ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን በከሰል የሣልሁትን ሳንባ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ፈራሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በጣም ፈራሁ። ፈርቼስ ምን አደረግሁ? ፍርሃቱ በረድ እንዲልልኝ ማድ ቤት ገብቼ አንድ ለኮስሁ።

ሰፈሩ ግን የበሽታዬን ምክንያት ከእኔ ቀድሞ አግኝቶታል። «ጭሱ ነው! ማድ ቤት ገብቶ ገብቶ አለቀ!» ተባለ። ጤና አዳም መጣልኝ፣ ዝንጅብል መጣልኝ፣ ከሊበን ድረስ ማር መጣልኝ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ከንፈር መጠጡልኝ። አያ ውበቱ ከልባቸው አዘኑ፤ ቢሆንም ለባለቤታቸው «አየሽ? ወንድ ልጅ ማድ ቤት ሲገባ ይኸ ነው መጨረሻው» ማለታቸውን በአጥር በኩል ሰምቻለሁ። ይታይሽ ብቻ እንቅልፍ አጣች። «በእኔ እሳት ነው የታመምኸው» ብላ ስታለቅስ አገኘኋት። ያኔ ተናግሬ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አላወራችሁም ነበር። አልተናገርሁም፤ ሳልሁ።

ይታይሽና አያ ውበቱ ግራና ቀኝ ይዘው ፍኖተ ሰላም አደረሱኝ። ዶክተሯ ረጋ ያለች ወጣት ናት። ጠረጴዛዋ ላይ ቅጽ ዘርግታ አንድ በአንድ ጠየቀችኝ።

«ሲጋራ ያጨሳሉ?»

በግራዬ ይታይሽ፣ በቀኜ አያ ውበቱ። «እኔ? ኧረ በስመ አብ!» አልሁ፤ ማማተብም ጨመርሁበት።

«ከሚያጨስ ሰው ጋርስ ይኖራሉ?»

«የቄስ ልጅ እኮ ናት!» አሉ አያ ውበቱ ተቆጥተው።

«አቧራ የሚበዛበት ቦታ፣ ድንጋይ የሚፈጭበት፣ እንዲህ ያለ ሥራ ሠርተው ያውቃሉ?»

«ጠመኔ» አልሁ።

«ቤት ውስጥ ጭስ አለ?»

«እሱን ጠይቂው እንጂ፣ ልጄ!» አሉ አያ ውበቱ። «ማድ ቤት ነው የሚውለው። እሳት የሚያነደው እሱ ነው። እኛ በእሱ ምክንያት ስንሰደብ ነው የኖርነው።»

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ትክ ብላ አየችኝ። «ለሚስቱ እሳት ሲያነድ ታመመ ተብሎ ወንድ ሲመጣልኝ የመጀመሪያው እርስዎ ነዎት» አለች። «እግዚአብሔር ያክብርዎት።» መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ይታይሽ ደግሞ በኩራት ትከሻዬን ዳበሰችው።

ደረቴ ፎቶ ተነሣ። «የሚያስፈራ ነገር አላየሁም» አለች ዶክተሯ፤ «የአየር መተላለፊያዎ ግን ተቆጥቷል። ከጭስ ይራቁ። ማድ ቤቱም መስኮትና የጭስ መውጫ ያስፈልገዋል። በወር ውስጥ ካልተሻለዎት ይመለሱ፤ ጠለቅ አድርገን እናያለን።» ይህን ስትል ይታይሽ ሳለች። ዶክተሯ ቀና ብላ «እርስዎስ?» ብትላት፣ «እኔ ደኅና ነኝ፤ እሱን ላሳክም ነው የመጣሁት» አለች።

በመልሱ መንገድ ጅጋ ልንገባ ስንል አያ ውበቱ «ይፈርሳል» አሉ።

«ምኑ?» አልሁ።

«ማድ ቤቱ። ለቅዳሜ ደቦ እጠራለሁ። በሬ የማይጠመድበት ቀን ነው፤ አንድም ሰው አይቀርም። አንተ ስንቱን ልጅ አስተምረህልናል፤ አንድ ማድ ቤት ያቅተናል?»

ሰው ለእኔ ጥሩ ሲያስብ እንደዚያ ጨንቆኝ አያውቅም። ደቦ ተጠርቶ መለስ አይባልም። ጠላ ተጠመቀ፤ እንጨት ተቆረጠ፤ ጭድ ተጫነ። እኔ ደግሞ ከዚያ ክዳን ውስጥ ሦስት ባኮና አንድ ጣሳ ማውጣት አለብኝ። ዓርብ ቀን ማድ ቤቱን ለድግሱ የሚሠሩት ሴቶች ሞልተውታል። «እስቲ እሳቱን ልያችሁ» ብዬ ብገባ፣ «ውጣ! ትሞታለህ!» ብለው በጭልፋ አባረሩኝ። ቆይቼ «በርጩማዬን ረስቼ ነው» ብል፣ በርጩማውን በበሩ ወርውረው ሰጡኝ። በመጨረሻ ሜትር ይዤ «ለአዲሱ ቤት የክዳኑን ስፋት ልለካ፤ ሒሳቡን ልሠራው» ብዬ ገባሁ፤ እጄን ወደ ክዳኑ ስዘረጋ አያ ውበቱ ደረሱ። «ና ውጣ፣ እኛ በክንድ ለክተን ጨርሰናል» አሉኝና እጄን ይዘው እንደ ሕፃን ልጅ አስወጡኝ።

ቅዳሜ ጧት ግቢው ወንድ ሞላው። እኔን ዋንዛው ሥር አጎዛ አንጥፈው፣ በጋቢ ጠቅልለው፣ በብርጭቆ ወተት አስይዘው አስቀመጡኝ። ለመነሣት በሞከርሁ ቁጥር አንዱ ገበሬ መጥቶ ትከሻዬን ተጭኖ ያስቀምጠኛል። አያ ውበቱ ጣሪያው ላይ ወጥተው ሣሩን እየመዘዙ ይጥላሉ፤ ጥቀርሻው ፊታቸውን አጥቁሮት ጥርሳቸው ብቻ ይታያል። አማቴ ከታች ቆመው ሥራውን ይባርካሉ። እኔ በዓይኔ ሣሩን እከተላለሁ፤ ከበሩ በኩል ተጀመረ፣ ወደ መሐሉ ሄደ፣ ወደ ምድጃው ዞረ።

ፌስታሉ ዱብ ያለው አማቴ እግር ሥር ነው። ጣሳው ተከትሎት ወደቀና ተበተነ፤ ያ ሁሉ ዓመት የሰበሰብሁት ቁራጭ ሣሩ ላይ ፈሰሰ።

ሥራው ቆመ። ቄስ ምናለ ጎንበስ ብለው ፌስታሉን ፈቱት፤ ባኮውን አወጡ፤ አሸተቱት። እኔ ጋቢዬ ውስጥ ሆኜ «በቃ፣ አለቀልኝ» አልሁ። ግን ማንም ወደ እኔ አልዞረም። ያ ሁሉ ሰው ቀስ እያለ የዞረው ወደ ሴቶቹ ነው። ወደ ይታይሽ።

እንዴት አይዞር! ማድ ቤት የማን ነው? የሷ። ማድ ቤት ውስጥ የተገኘ ነገር የማን ነው? የሷ። በእኛ አገር ይህን ለማወቅ ዳኛ አያስፈልግም።

«ለካስ!» አለ አንዱ ከጭቃው ውስጥ። «ለካ ለዚህ ኑሯል ሁልጊዜ የምትስል!»

«ምስኪን መምህር!» አለ ሌላው። «ራሱ አስተምሮን የለ? ‹አብሮት የሚኖረው ሰው በማያውቀው ነገር ይታመማል› አላለም? ከሷ ጭስ ነው የታመመ!»

ሁሉም በአዘኔታ አየኝ። ያስጨበጨበኝ ትምህርት ዞሮ ሚስቴ ላይ ወደቀ። ቄስ ምናለ ባኮውን እንደያዙ ድምፃቸው ተለውጦ፣ «ልጄ?» አሏት።

«አባ፣ አላውቀውም» አለች ይታይሽ። ማንም አላመናትም። እንባ እንኳ አልወጣትም፤ የምታየው አባቷንም ሰውንም አይደለም፣ እኔን ነው። የቄስ ልጅ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ስሟን ጠብቃ የኖረች ሴት፣ ከዚህ ግቢ ሳትወጣ ስሟ ሊጠፋ ነው፤ ሰኞ ጅጋ ገበያ ላይ «አጫሿ» ልትባል ነው። ወተቱን አስቀምጬ ተነሣሁ።

«የእኔ ነው!» አልሁ።

ድምፄ ጥሩ ወጥቶ ነበር፤ ግን ሳል ተከተለው። ያ ገበሬ መጥቶ ትከሻዬን ተጭኖ «ተቀመጥ መምህር፣ አትናገር፤ ይብስብሃል» አለኝ።

«ኧረ የእኔ ነው እላችኋለሁ! ሲጋራው የእኔ ነው!»

አያ ውበቱ ከጣሪያው ላይ ሆነው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «አያችሁት? ጥፋቷን ሊሸከምላት ነው! እኔ እኮ ይኸን ሰው በከንቱ ነው የጠላሁት!»

ሴቶቹ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። ወደ አማቴ ሄጄ እግራቸው ሥር ወደቅሁ። «አባ፣ በእውነት እኔ ነኝ!»

«ተነሥ ልጄ፣ ተነሥ» አሉኝ አቅፈው። «ልብህን አውቀዋለሁ።»

ያን ሁሉ ዓመት በውሸቴ ስታመን ኖሬ አንዲት እውነት ብናገር የሚያምነኝ ጠፋ! ምን ልሁን? ባኮውን ከእጃቸው መንጭቄ አንዱን መዘዝሁ። ሴቶቹ ውጭ ወዳነደዱት እሳት ሄድሁ፤ እንደለመድሁት ፍሙን በሁለት ጣቴ አንሥቼ ሳልቃጠል ለኮስሁ። ሳብሁት። በአፍንጫዬ አወጣሁት፤ በሁለቱም በኩል፣ እኩል አድርጌ። ከዚያም ዓይኔን አማቴ ላይ ተክዬ፣ እጄን ሳላይ፣ አመዱን በጣቴ መታ አድርጌ አራገፍሁት።

አያ ውበቱ ከጣሪያው ላይ አንገታቸውን አሰገጉ። «ይኸማ…» አሉና ምራቃቸውን ዋጡ። «ይኸማ የአንድ ቀን ሙያ አይደለም።»

«ከጀመርህ ስንት ዓመትህ ነው?» አሉኝ ቄስ ምናለ።

«ልጅዎን ሳላገባ ነው የጀመርሁት፣ አባ። እሷ ምንም አታውቅም። እሳት አነዳለሁ እያልሁ ማድ ቤት የምገባው ለዚሁ ነበር።»

ከወንዶቹ መካከል አንድ ትልቅ የእፎይታ ትንፋሽ ወጣ። ለካ እሳት የሚያነድ ባል በአገሩ የለም! ሁለት ሦስቱ እንዲያውም ፈገግ አሉ። አማቴ ግን አልሳቁም። «ጣለው» አሉኝ። ጣልሁት። «ጋቢውን አውልቅ።» አወለቅሁ። «አሁን ጭቃ ግባ።»

በዚያ በተተኮሰ ሱሪ ጭቃው ውስጥ ገብቼ ከጭዱ ጋር እረግጥ ጀመር። ጋቢው ለይታይሽ ተሰጠ፤ ወተቱም ተሞልቶ ቀረበላት፤ ዋንዛው ሥር አስቀመጧት። አያ ውበቱ ሥራ ሊጀምሩ እጃቸውን ዘርግተው እንደገና ቆሙ። ነገር ካልጨረሱ የማይለቁ ሰው ናቸው።

«እንግዲያ አንቺ የምትስዪ በምንድን ነው፣ ይታይሽ?»

«እኔማ፣ አያ» አለች፤ «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እዚያው ማድ ቤት ውስጥ አይደለሁ?»

ይህን ጊዜ ከሴቶቹ መካከል አንዷ ሳለች፤ የአያ ውበቱ ባለቤት ናቸው። ቀጥሎ ሌላዋ ሳለች። ወንዱ ሁሉ እጁ ላይ ያለውን ሣር እያየ ቀረ። እኔ ሦስት ሳምንት ብስል አገር ተነሥቶልኝ ጣሪያ ፈረሰ፤ እሷ ዘጠኝ ዓመት ስትስል «ብርድ ነው» አልናት። ጭቃው ውስጥ ቆሜ ይህን ሳስብ እንባዬ መጣ፤ በጥቀርሻ አሳበብሁ።

ማድ ቤቱ በዚያው ቀን ቆመ፤ ሁለት መስኮት፣ አንድ የጭስ መውጫ፣ ከፍ ያለ ምድጃ። ከዚያ ወዲህ ደቦው በየቅዳሜው ቤት ለቤት ይዞራል። ተረኛው ባል ሰው ከመምጣቱ በፊት ብቻውን መሰላል አቁሞ ክዳኑን ሲፈትሽ ማየት ልማድ ሆኗል። አያ ውበቱ ከክዳናቸው ምን እንዳወጡ አልነግራችሁም፤ አንድ ብርጭቆ ግን ከእሱ ተቀድቶልኛል።

ፍኖተ ሰላም ከይታይሽ ጋር ተመለስሁና ለዶክተሯ እውነቱን ነገርኋት። አልተቆጣችኝም፤ «ያክብርዎት ያልሁትን ግን መልሼ እወስደዋለሁ» አለች። የይታይሽንም ደረት ፎቶ አስነሣችና ሁለቱን ጎን ለጎን መብራት ላይ ሰቀለቻቸው። «እስቲ መምህር፣ የአጫሹ የቱ ነው?» አለችኝ። ሳንባ የሣልሁ ሰው አይደለሁ! በሙሉ ልብ ጠቆምሁ። የይታይሽ ነበር። ዶክተሯ ፎቶውን ብቻ እያየች፣ «ሁለታችሁም በጊዜ መጥታችኋል፤ ከጭሱ ከራቃችሁ ይሻላችኋል» አለች። ይታይሽ ግን እኔን አየችኝ። በዚያ ሰሞን ቤት ውስጥም «መምህር» ነበር የምትለኝ፤ ይህን ያህል ተቀይማኝ ነበር።

ማቆም ቀላል ነው ያላችሁ ሰው ካለ አትመኑት። ኪሴን ሽምብራ ቆሎ ሞልቼ ስቆረጥም እውላለሁ፤ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቼ አብረውኝ መቆርጠም ጀምረዋል። በቁጣዬ ሰሞን ደብተር ስላረምሁ ክፍሉ በሙሉ ወደቀ፤ እንደገና ማረም ነበረብኝ። ቡሬ ግን አልወረድሁም። እሳቱንም አሁን ከልቤ አነዳለሁ፤ በሩን ከፍቼ።

በመጋቢት አንድ ማክሰኞ ከእንቅልፌ ስነቃ ፀሐይ በመስኮት ገብታ አልጋዬ ላይ ደርሳለች። ብድግ አልሁ። ቤቱ ጭር ብሏል፤ አንድ ነገር ጎድሏል፤ ምን እንደሆነ ግን ጠፋኝ። ደንግጬ በባዶ እግሬ ወደ ማድ ቤት ሮጥሁ። ይታይሽ መስኮቱ አጠገብ ቆማ ሽንኩርት እየከተፈች ታንጎራጉራለች። ስታንጎራጉር ሰምቻት አላውቅም ነበር።

«ምነው ሳትቀሰቅሽኝ?» አልኋት።

«እኔ መቼ ቀስቅሼህ አውቃለሁ?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ለካ በየማለዳው የሚቀሰቅሰኝ ሳሏ ኖሯል።

ትምህርት ቤት ስደርስ ደወሉ ከተደወለ ቆይቷል፤ ርእሰ መምህሩ በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። «አርፍደህ የማታውቅ ሰው ዛሬ ምን ሆነህ ነው?» አለኝ።

«ባለቤቴ ስላልሳለች ነው» አልሁትና እየሳቅሁ ወደ ክፍሌ ገባሁ።